ለተፈናቃዮች አሮጌ ዕቃ ስንሰበስብ ቆራሌውን አንርሳ



ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባችን ላይ፣ በተፈጥሮ አደጋ ከቀዬአቸው ለተፈናቀሉ ቤተሰቦች መርጃ የሚሆን ገንዘብ እንድናገኝ በየቤታችን የተከማቸውን አሮጌ ዕቃ ሰብስበን እንሽጥ የሚል አሳብ ቀርቦ በብዙ እጅ መደገፉ ይታወሳል። አሠራሩ እንዴት ይሁን የሚለው ግን ስላልተቋጨ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል። እኔ ቃለ ጉባዔ ያዥ ስለሆንኩ በዕለቱ ብዙ አልተናገርኩም፤ እየጻፉ መናገር ያስቸግራል። አሁን ግን በዚህ ሰሌዳ ላይ የበኩሌን ጥቂት ለማለት እወዳለሁ። ከዚህ በታች የተጻፈው የሊቀመንበሩም የኮሚቴውም አቋም አይደለም፤ የጸሐፊው የግል አሳብ ነው። የማይስማማ አባል ካለ በወረቀት ጽፎ ያምጣልኝ፤ እዚሁ አጠገቡ እለጥፈዋለሁ።

አስቀድሜ ልናገር፤ አሳቡን እደግፈዋለሁ። አደጋ የሩቅ ሰው ነገር እንዳልሆነ ካየን ቆይተናልና። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ ዝናብ ያራሰው ተራራ ተንዶ ሰውን ከነቤቱ ቀበረ። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ የተቀበሩትን ለማውጣት በሮጡት ጎረቤቶች ላይ ሌላ ናዳ ወረደባቸው። በጥቂት ቀን ውስጥ የተቆጠረው አስከሬን ከ200 በላይ ሆነ። እኛ ጡሩንባ ሲነፋ እንደምንሮጠው እነሱም ለጎረቤት ነበር የሮጡት። የተረፉት ቤተሰቦችም «ውሃው ጎደለ፣ ተመለሱ» የሚባሉ አይደሉም። የሚመለሱበት መሬት ራሱ ወርዷል።

በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር ላይ ደግሞ በአፋር ክልል በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ፣ እንዲሁም በኦሮሚያ በፈንታሌ ወረዳ በኩል መሬት ሲንቀጠቀጥ ሰነበተ። መሬቱ ተሰነጠቀ፣ ቤት ፈረሰ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከሠፈረበት ተነስቶ ወደ ሌላ ቦታ ሄደ። ይሄንን እንኳ ማንም ሊነግረን አያስፈልግም። እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ሆነን አልጋችን ሲነቃነቅ፣ ፎቅ ላይ ያሉት አባሎቻችን ጋቢያቸውን ተከናንበው በሌሊት ደረጃ ሲወርዱ የነበረበት ወራት ነው። እኛን አስደንግጦ ያለፈው ንቅናቄ እነሱን ከቤት አስወጣቸው። ልዩነታችን ይሄው ነው።

ታዲያ ሬድዮው ስለነሱ ማውራት ሲያቆም ችግሩም ያቆመ ይመስለናል። አያቆምም። የተፈናቀለ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚሄደው ዘመድ ወይም ጎረቤት ቀበሌ ነው፤ ያ ዘመድ ደግሞ ራሱ ከእጅ ወደ አፍ ነው። እንግዳ ሁለት ሳምንት ይከብራል፣ በወሩ ግን እህሉ ያልቃል። የዱቄቱና የብርድ ልብሱ እርዳታ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በመጀመሪያው ጫጫታ ወቅት ሲሆን፣ ለዘር፣ ለአንድ ፍየል፣ ለልጅ ደብተርና ለቤት ቆርቆሮ የሚሆን ገንዘብ ግን የሚያስፈልገው ከዚያ በኋላ ነው። የኛ ትንሽ ገንዘብ የምትጠቅመው እዚህ ጋ ነው ብዬ አምናለሁ።

ለምን በገንዘብ? ለምን ልብሱን ራሱን አንልክም? የሚሉ አሉ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ድሬዳዋን በሌሊት ሲያጥለቀልቅና ብዙ ሰው ሲወስድ ልብስ ተሰብስቦ ነበር። እኔም ያኔ ወጣት ነበርኩና ተሸክሜ ዞሬአለሁ። ከተሰበሰበው ውስጥ ያየሁትን ብነግራችሁ ትስቃላችሁ፦ አንድ እግሩ ብቻ የሆነ የሴት ባለ ተረከዝ ጫማ፣ ክራባት፣ ዚፑ የተነቀለ ሱሪ፣ የሠርግ ቬሎ። ለድሬዳዋ ሙቀት የሱፍ ካፖርት የሰጠም ነበር፤ እግዜር ይስጠው፣ ልቡ መልካም ነው። ሰው ከቤቱ የሚያወጣው የማይፈልገውን ነው፤ የተቸገረው የሚፈልገው ደግሞ ሌላ ነው። ጭነቱ ዋጋ ያስወጣል፣ መለየቱ ጊዜ ይፈጃል፣ ከዚያም አንዱ አዳራሽ ውስጥ ተከምሮ ብል ይበላዋል። ገንዘብ ግን ቀላል ነው። እዚያው ገበያ ላይ ገብቶ የዚያኑ አካባቢ ነጋዴም ይጠቅማል። ስለዚህ አሮጌውን እዚሁ ሸጠን ገንዘቡን መላክ ይሻላል፤ በዚህ ላይ የወጣቶቹን አሳብ አልቃወምም።

አንድ ታላቅ አባታችን በስብሰባው ላይ «ለተቸገረ ሰው ከኪስ ይወጣለታል እንጂ ከቆሻሻ ገንዳ ይወጣለታል ወይ?» ብለው ነበር። በጣም አጨበጨብን። ቃለ ጉባዔው ላይም በሙሉ ጽፌዋለሁ። እኔ ግን ንግግራቸው ግማሹ ልክ ነው፣ ግማሹ አይደለም እላለሁ። ልክ የሆነው፣ አሮጌ ዕቃ የኪስን ቦታ መያዝ የለበትም። የሚችል ሰው ሰባት ሃይላንድ ማዳበሪያ ውስጥ ጥሎ «ግዴታዬን ተወጣሁ» ብሎ እንዲሄድ አንፈልግም። የሚችል ይክፈል፤ ዕቃውንም ያምጣ። ልክ ያልሆነው ደግሞ፣ ኪስ የሌለው ሰው በዚህ መንገድ ሊሰጥ መቻሉን መዘንጋታቸው ነው። የመዋጮ መዝገቡን የምይዘው እኔ ነኝ። በመዋጮ ጊዜ ደጃቸውን ዘግተው የሚቀመጡ ቤቶች አሉን። ክፋት ሆኖ አይደለም፤ የሚሰጡት ስለሌላቸውና ስለሚያፍሩ ነው። ጡረተኛው፣ እንጀራ ጋግራ የምታድረው እናት፣ የቀን ሠራተኛው፣ እነዚህ ሰዎች የተቀደደ ሳፋና አምስት ካርቶን ይዘው ቢመጡ ከማንም እኩል ሰጥተዋል። በመዝገቡ ላይም ስማቸው ይጻፋል። ለኔ ከገንዘቡ ይልቅ ይሄ ይበልጥብኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ።

በስብሰባው ላይ «ቆራሌ በርካሽ ገዝቶ በውድ ይሸጣል፤ ስለዚህ እሱን አልፈን አይሱዙ ተከራይተን በቀጥታ መርካቶ ወይም ፋብሪካ እናውርደው» የሚል አሳብ ቀርቦ ብዙ ሰው ወደዚያ ያዘነበለ መስሎኛል። ይህን እቃወማለሁ። የምቃወመውም ስለ ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው የሒሳብ፣ ሁለተኛው የፍትሕ።

የሒሳቡን ልቅደም። ባዶ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ (ሃይላንድ የምለው እንደ ሁላችንም ነው፤ ውሃው የየትኛውም ፋብሪካ ይሁን) ከ10 እስከ 20 ግራም ቢመዝን ነው። አንድ ኪሎ ለመሙላት ከ50 እስከ 100 ጠርሙስ ይፈጃል ማለት ነው። ያልተጨፈለቀ ሃይላንድ አንድ አይሱዙ ሙሉ ብትጭኑ የጫናችሁት አየር ነው። ከዚያ ላይ የመኪናው ኪራይ አለ፣ ጫኝና አውራጅ አለ፣ በመንገድ መቆም አለ፣ አብሮ የሚሄደው የኮሚቴ አባል ምሳ አለ። እዚያም ሲደረስ ገዢው «አልተለየም፣ እርጥብ ነው፣ ክዳኑ አልወጣም» ብሎ ይቀንሳል። ልክም ነው፤ ጠርሙሱና ክዳኑ አንድ ዓይነት ፕላስቲክ አይደሉም፣ በየራሳቸው ነው የሚፈለጉት። ይህን ሁሉ ቆራሌው ያውቀዋል። በእጁ ነክቶ አልሙኒየሙን ከቆርቆሮው፣ ነሐሱን ከቀለም ቅቡ ብረት ይለያል። የቱ ዕቃ በየትኛው ሳምንት እንደሚፈለግ፣ ማን ዘንድ እንደሚወሰድ ያውቃል። በኛ ዘንድ «ይበላናል» የምንለው ትርፍ የዚህ ሁሉ ዕውቀትና የእግር ዋጋው ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ማዳበሪያ ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ ሰው ሀብታም ሲሆን አላየሁም።

ሁለተኛው የባሰ ነው። የሠፈራችን አሮጌ ዕቃ ባለቤት የሌለው ነገር ይመስለናል እንጂ ባለቤት አለው። ልጆች ሳለን የምናውቀው ጩኸት «ቆርቆሮ ያለው!» ነው አሉ፤ ሲጣደፉ ሲጣደፉ «ቆራሌው!» ሆነ። ያ ጩኸት ስንት ዘመን በዚህ ሠፈር ሲዞር የኖረ ሥራ ነው። የገዛውን ለተቀባይ ያስረክባል፤ ከተቀባይ ወደ መርካቶ ምናለሽ ተራ ይሄዳል፣ ወይም ወደ ብረት ማቅለጫ፣ ወደ ወረቀት ፋብሪካ፣ ፕላስቲክ ወደሚፈጩት ይሄዳል። ተፈጭቶ ባሕር የሚሻገርም አለ። ምናለሽ ተራ የሄደ ሰው ያውቀዋል፤ በርሜሉ ማንደጃ ይሆናል፣ ጎማው ጫማ ይሆናል፣ ጣሳው ኩራዝ ይሆናል። ፈረንጅ አሁን በስብሰባ የሚያስተምረንን እነሱ በመዶሻ ሲሠሩት ኖረዋል።

እንግዲህ ማኅበራችን በአንድ ወር ቤት ለቤት ዞሮ ያንን ሁሉ በነፃ ሰብስቦ በአይሱዙ ሲወስደው፣ ያን ወር ቆራሌው ምን ይበላል? ባዶ ማዳበሪያውን ይዞ ይገባል። እኔ ይህን አሳብ ይዤ አንዱን የሠፈራችንን ቆራሌ አነጋግሬው ነበር። አልተቆጣም። «ለተፈናቃይ ከሆነ ደግ ነው፤ ብቻ እኛን እንዳታፈናቅሉን» አለኝ። እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ከነዚህ ልጆች ብዙዎቹ መሬት ጠቦት ወይም ዝናብ ቀርቶበት ከገጠር የመጡ ናቸው። ለድሃ ልንሰጥ ከድሃ ወስደን፣ መሐል ላይ ምስጋናውን እኛ መቀበል ነውር ነው።

ሌላም የማይታይ ባለቤት አለ። በብዙ ቤት ሃይላንድና ጠርሙስ አጠራቅማ ለቆራሌ የምትሸጠው የቤት ሠራተኛዋ ናት። እመቤቲቱ አይታ እንዳላየች ትሆናለች፤ የልጅቱ የኪስ ገንዘብ እሱ ነው፤ ቅባትም የምትገዛው ለእናቷ ስልክ የምትደውለውም በሱ ነው። ስለዚህ እናቶች፣ ዕቃውን ወደ ማኅበሩ ስታመጡ ልጅቱን ጠይቁ። ደስ ብሏት ከሰጠች የሷ ስም ይጻፍ፤ የእናንተ አይደለም። አሮጌ ጫማና ልብስ ለልዋጭ ሰጥቶ ሳህን የሚቀይረውም ቤት እንደዚሁ፣ ሳህኑን የፈለገ ይቀይር፤ ማንም አይውቀሰው። የአረቄና የቅቤ ጠርሙስ ደግሞ ለባለ ሙያዋ ዕቃዋ ነው እንጂ አሮጌ አይደለም። ከግቢ ግቢ ሮጣችሁ የሰው ጠርሙስ እንዳታነሱ፤ ልጆችን ማለቴ ነው።

ስለ ቆሻሻ ካነሳን ደግሞ ቆሼን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ከ50 ዓመት በላይ የከተማችን ቆሻሻ ሲደፋበት የኖረው ክምር ተንዶ ሥሩና ላዩ ላይ ቤት ሠርተው ይኖሩ የነበሩትን ሰዎች ቀበረ። ከ110 በላይ ሰው ሞተ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የተረፉትም ቤት አልባ ሆኑ። ያ የተፈጥሮ አደጋ አልነበረም። ተራራውን የሠራነው እኛ ነን፤ ከኔም ቤት ከናንተም ቤት የወጣ ነው። በዚያ ክምር ላይ ብረትና ፕላስቲክ እየለቀሙ የሚያድሩ ሰዎች ነበሩ። እኛ በቤታችን ብንለየው ኖሮ ከቆሻሻ ውስጥ ቆፍረው አያወጡትም ነበር። ደርቆና ተለይቶ ከደጃችን የሚወጣ ካርቶን ለቆራሌውም ለማኅበሩም ይጠቅማል። ከአተላ ጋር ተቀላቅሎ የወጣ ካርቶን ግን ለማንም አይጠቅም፤ ክምር ብቻ ይጨምራል።

በሌላ አገር እንዲህ ያለ ነገር ተሠርቶበታል ወይ? ብሎ የጠየቀኝ ሰው ስለነበረ ልጆቹ በስልክ ያሳዩኝን ልንገራችሁ። ታይዋን በምትባለው ደሴት ፁ ቺ የሚባል የቡድሃ እምነት ተከታዮች የበጎ አድራጎት ማኅበር አለ። በፈረንጆች 1966 ቼንግ የን የተባሉ መነኩሲት ያቋቋሙት ነው። በ1990 መነኩሲቷ ንግግር ሲያደርጉ ሕዝቡ ቢያጨበጭብላቸው፣ በሚያጨበጭቡበት እጃቸው ቆሻሻውን እንዲለቅሙና እንዲለዩ ለመኑ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አያቶችና ጡረተኞች ሳይቀሩ ቁጭ ብለው ጠርሙስና ወረቀት ይለያሉ። ገቢው ለማኅበሩ ሥራ ይውላል፤ የፕላስቲክ ጠርሙሱም ክር ሆኖ ብርድ ልብስ ይሠራበትና አደጋ ለደረሰበት ሕዝብ ይላካል። እኛ የክር ፋብሪካ የለንም፤ እሱን ተዉት። እኔን ያስገረመኝ ከ30 ዓመት በላይ ሳይሰለቹ መቆየታቸው ነው። እኛ ዘንድ ዘመቻ ሲባል የመጀመሪያው ቅዳሜ ባንዲራና ሙዚቃ አለ፣ ሁለተኛው ቅዳሜ ሊቀመንበሩና ጸሐፊው ብቻ ናቸው፣ ሦስተኛው ላይ ዝናብ ጣለ ይባላል።

ስለ ዝናብ ካነሳሁ አይቀር፣ ጊዜውን በሚመለከት። አሮጌ ዕቃ የሚያስገኘው ገንዘብ ቀስ እያለ የሚጠራቀም ነው። አደጋ ግን ቀጠሮ የለውም። ናዳና ጎርፍ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው። አደጋው ከደረሰ በኋላ ሃይላንድ መልቀም ብንጀምር ገንዘቡ የሚደርሰው ለሚቀጥለው ዓመት ነው። በክረምት ደግሞ ካርቶን ይረጥባል፣ ይሻግታል፤ ተቀባዩም ለውሃ አይከፍልም። ስለዚህ መሰብሰቡን አሁን በበጋው እንጀምር፤ ሰኔ ሲገባ ገንዘቡ ባንክ ተቀምጦ ይጠብቅ። የጎፋ ወይም የአፋር ወይም የሌላ አካባቢ ሰው «ድረሱልኝ» ሲል እኛ ስብሰባ መጥራት የለብንም። ገንዘቡም ከዕድሩ መዋጮ ጋር ፈጽሞ መቀላቀል የለበትም፤ የቀብር ገንዘብ የቀብር ነው። የራሱ ደብተር፣ የራሱ ሒሳብ ይኑረው።

ለራሳችንም ቢሆን ጥቅም አለው። ክረምት ሲገባ በታችኛው መንገድ በኩል ውሃ ቤት ድረስ የሚገባው ለምንድን ነው? ቱቦውን የሚዘጋው ሃይላንድና ፌስታል ነው። ሃይላንዱን ቢያንስ ገዢ አለው። ፌስታሉን ማንም አይገዛም። በ2017 ዓ.ም. የወጣው አዋጅም ስለከለከለው ዘንቢልና የጨርቅ ከረጢት ብናለምድ ይሻላል።

የምንቀበለውንና የማንቀበለውንም ከወዲሁ መነጋገር አለብን። ገንዘብ ያለው ብረት ላይ፣ አልሙኒየም ላይ፣ ነሐስና የመብራት ሽቦ ላይ ነው፤ የተቃጠለ ምጣድ፣ የተሰበረ አልጋ፣ የተበሳ ድስት፣ የዛገ ቆርቆሮ በየጓሮው ሞልቷል። አሮጌ ደብተርና ጋዜጣም ደህና ነው። ግን ልጆች «ብዙ ብረት ያመጣ ይመሰገናል» ሲባሉ የመንገድ ጉድጓድ ክዳንና የሰው የውሃ ቆጣሪ ነቅለው እንዳያመጡ እፈራለሁ። በከተማችን ያልታየ ነገር አይደለም። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ብረት አንቀበልም ብለን ገና በመጀመሪያው ቀን መለጠፍ አለብን። የመኪና ባትሪም ልጅ እጅ እንዳይገባ። ውስጡ ያለው እርሳስ የሕፃን አእምሮ ይጎዳል፣ አሲዱም ያቃጥላል። ባለቤቱ ራሱ ሳይከፍተው ለገዢው ያስረክብ። መርፌና የመድኃኒት ብልቃጥ፣ የፀረ ተባይ ዕቃ ጨርሶ አይምጣ።

እንግዲህ የኔ አሳብ የሚከተለው ነው። በሠፈራችን ዘወትር የሚዞሩትን ቆራሌዎች ጠርተን እንነጋገር። በወር ሁለት ቅዳሜ ነዋሪው ለይቶ ያጠራቀመውን ወደ ማኅበሩ ግቢ ያምጣ፤ ቆራሌዎቹ እዚያው በሰው ፊት መዝነው በዕለቱ ዋጋ ይግዙን። ዋጋው ስለሚለዋወጥ በየጊዜው ሁለት አባሎች ተቀባይ ዘንድ ሄደው ጠይቀው ይምጡና በዚህ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ ከዚያ ቆራሌው ትርፉን ይያዝ፣ እኛም አንበላ። ማኅበሩ መኪና አይከራይም። ቆራሌውም ቤት ለቤት የሚዞርበትን ሰዓት ይቆጥባል፤ አንድ ቦታ ተለይቶ የደረቀ ዕቃ ያገኛል። ዘወትር በየደጁ የሚገዛውንም አይከለከል። ለማኅበሩ መስጠት ያልፈለገ ቤት ለሱ ይሽጥ። አንዳንዶች «እሱም ለተፈናቃይ ከትርፉ ይስጥ» ብለዋል። እሱን ራሱ ከፈለገ ይስጥ እንጂ እኛ ልንጠይቀው አይገባም።

የተሰበሰበውን ማን ያድርስ የሚለው ላይ ኮሚቴ ተመርጦ እስከ ቦታው ድረስ ይሂድ የሚል አሳብ ነበር፤ ባነርም ይሠራ ተብሏል። የትራንስፖርቱና የውሎ አበሉ ወጪ ከተሰበሰበው እንዳይበልጥ እሰጋለሁ። ደግሞ ቤቱ የፈረሰበት ሰው ፎቶ ለመነሳት ተሰልፎ ማየት ደስ አይልም። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ድርጅት ነው፤ በባንክ ገቢ አድርገን ደረሰኙን እዚህ ሰሌዳ ላይ በመስታወቱ ውስጥ እንለጥፍ። ማንም መንገደኛ ቆሞ ያንብበው። ስንት ኪሎ እንደተሸጠ፣ በስንት ብር፣ መቼ ገቢ እንደሆነ፣ ሦስቱ ብቻ ይበቃሉ።

የሚቀረው የሚዛን ጉዳይ ነው። በቆራሌው ሚዛን ብቻ ከሆነ አባሎች ይጠራጠራሉ፤ በኛ ብቻ ከሆነ እሱ ይጠራጠራል። ስለዚህ የሦስተኛ ወገን ሚዛን ያስፈልገናል። ወፍጮ ቤት ወይም እህል በረንዳ ዘመድ ያለው፣ እስከ 100 ኪሎ የሚመዝን ሚዛን በወር ሁለት ቀን ሊያውስ የሚችል አባል ካለ፣ ከስብሰባው በፊት ለኔ ወይም ለገንዘብ ያዣችን ይንገረን። የግቢው መጋዘን ቁልፍም ካለፈው ድንኳን ማውጣት ወዲህ ከማን ዘንድ እንደቀረ አልታወቀም። የያዘው አባል ቢመልስልን፤ ካርቶኑን ከጤዛ የምናስቀምጥበት ሌላ ቦታ የለንም።

የማኅበሩ ጸሐፊ